የሸንኮራው ሰርግና የጋኑ ሠራተኞች

ለተከበሩ ፓክ ሃርዮኖ
የስኳር ፋብሪካው የተረፈ ምርት ነዳጅ ክፍል ኃላፊ
ሱምበርጀቲ፣ ምሥራቅ ጃቫ
ጁን 19 ቀን 2023

ጉዳዩ፦ ከሥራ የታገዱት አክስቴ ወይዘሮ ሱመኒ ወደ ጋናቸው እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ቁጥሩ የማይታወቅ ሠራተኛ በአንድ ቀን እንደ ቅጠል የረገፈበትን ታላቅ መርዶ በጥልቅ ሐዘን አመለክታለሁ። ሟቾቹ ስምም፣ መታወቂያም፣ ቀባሪም የላቸውም። የሸንኮራውን ገለባ ወደ ነዳጅ እንዲለውጡ ዘራቸው በቤተ ሙከራ የተለወጠ፣ ጋን ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ነበሩ።

1. አክስቴ የዚያ ጋን ጠባቂ ናቸው። ሥልጠናው ላይ ኢንጂነሩ፣ "እነዚህ ትናንሽ ሠራተኞቻችን ናቸው፤ ሌት ተቀን ይሠራሉ፣ እረፍት አይሉም" ብለው አስተማሯቸው። አክስቴ ደግሞ የተነገራቸውን ያምናሉ።

2. እንደሚያውቁት፣ የሸንኮራ መፍጫው በየዓመቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሸንኮራ ሙሽራና ሙሽሪት አድርገን እንድራለን፤ ለሠራተኛው ሁሉ ምግብ ይታደላል። ዘንድሮም ታደለ። አክስቴም ቤታቸው በእርሾ አብላልተው ያጣፈጡትን ታፔ የሚባል የካሳቫ ምግብ በጋኑ ክዳን በኩል ጨመሩ።

3. የታፔው እርሾ ጋኑን ወረሰ፤ ባለቤቶቹ አለቁ። ኢንጂነሩ "እማማ፣ ምን ጨመሩበት?" ብለው ሲጮኹ፣ "ድርሻቸውን ነዋ! ሠራተኛ ከሰርግ በባዶ ሆዱ ይሸኛል እንዴ፣ ልጄ?" አሉ። በዚያው ታገዱ።

4. ከዚያ ወዲህ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ደጃፍ ይቀመጣሉ። አያለቅሱም፤ አይራገሙም። "አክስቴ፣ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ፈጅተው ሰደቃውን መቼ ነው የምንበላው?" ብዬ ነካካኋቸው። ድሮ ቢሆን ነጠላ ጫማቸው ጆሮዬ ሥር ነበር። አሁን "እንጃ" ብቻ። እኔም ከዚያ በኋላ ቀልድ አልመጣልኝም። ሩዙን እሠራለሁ፣ እንበላለን፣ ሳህኑን አጥባለሁ።

5. ስለዚህ አክስቴ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ በትሕትና እጠይቃለሁ። በሰርጉ ቀን ክዳኑ ይቆለፍ፤ ቁልፉም ኢንጂነሩ ጋ ይሁን፤ አክስቴ አይቀየሙም። ሥልጠና ላይም "ሠራተኞች ናቸው" ባይባል መልካም ነው። እዚህ አገር ሠራተኛ ይበላል።

ጋኑ ታጥቦ፣ አዲስ ዘር ገብቶበት፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ነዳጁ እንደገና እየወጣ ነው፤ ገለባ ሳራግፍ በዓይኔ አይቻለሁ። የጠፋው የአንድ ጋን ድፍድፍ ነው። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ትንሽ ነው። ለእርስዎ ማለቴ ነው።

እጅ ነሥቼ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ዳናንግ
የወይዘሮ ሱመኒ የወንድም ልጅ፣ ገለባ ጫኝ