በመስታወት መደርደሪያው ውስጥ ስላለው የቀኝ ጆሮዬ ቅርጽ

ለተከበሩ የጥሪ ማዕከላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ ከጤናዎም መካከል በተለይ የሁለቱን ጆሮዎችዎን ደኅንነት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ለጊዜው በአንዱ ደህና ነኝ። በዚህ መልክ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት ደጋግሜ ቢሮዎ ብመጣም ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው፤ ስብሰባው ስለ ሠራተኞች ደኅንነት መሆኑን ጸሐፊዎ ስለነገሩኝ ላቋርጥዎ አልፈለግሁም።

እኔ በመስኮቱ በኩል ከሚቀመጡት ስልክ ተቀባዮች አንዱ ነኝ። እንጀራዬ መስማት ነው። የድሮዎቹ ማዳመጫዎች ከአንዱ ጭንቅላት ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ላልተው፣ ደንበኛው «እባክዎ ይድገሙልኝ» በሚለው ልመናችን ሲማረር፣ ለእያንዳንዳችን በጆሯችን ልክ የተሠራ ማዳመጫ እንዲገዛልን ወሰኑ። ውሳኔው መልካም ነበር፤ ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን ግን እንደፈለጉ ይውሰዱት።

1. ማዳመጫው የሚሠራበት የጆሯችን ቅርጽ በጆሮ ሐኪም እንዲወሰድ ፋብሪካው ቢመክርም፣ ሠራተኛው በየተራ ሐኪም ቤት ሲመላለስ ስልኩ ሳይነሳ እንዳይቀር አስበው፣ እያንዳንዳችን ቅርጻችንን እቤታችን ራሳችን እንድናወጣ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ሐኪም ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ በመብራት ወደ ውስጥ ያይ፣ ኩክ ሞልቶ እንደሆነ፣ ታምቡሩም ደህና እንደሆነ እየመረመረ ጊዜ ይፈጅ ነበር። እኛ ሳናይ ሞላነው።

2. ሥልጠናውን የሰጡን ምክትልዎ ነበሩ፤ ድምፃቸው ከርቀት ስለሚሰማ በፍቅር «ደወል» የምንላቸው። ነጩንና ሰማያዊውን የቅርጽ ማውጫ ሊጥ አንድ ላይ አሽተው፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ውስጥ ጨምረው፣ እንዴት ወደ ጆሮ እንደሚገፋ በራሳቸው ጆሮ ሳይሆን በሻይ ብርጭቆ ላይ አሳዩን። ከዕቃው ጋር በክር የታሰረች ትንሽ የጥጥ ውታፍ ነበረች። ውታፏ ቀድማ ገብታ ሊጡ ወደ ታምቡሩ እንዳያልፍ እንደምትከለክል፣ በክሩ ደግሞ ሁሉም ነገር ተስቦ እንደሚወጣ በኋላ ያዩኝ የጆሮ ሐኪም ስለነገሩኝ አሁን አውቄያለሁ። ያን ዕለት ግን ደወል ክሩን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ ይቺ ነገር ቅርጹ ላይ መስመር እያወጣች መልኩን ታበላሸዋለችና አውጥታችሁ ጣሏት አሉን። ከኋላ የተቀመጠችው ባልደረባዬ «ታዲያ አብረው የላኳት ለምንድን ነው?» ብትላቸው «ለፈሪ ነዋ!» አሏት። ሳቅን። ሥልጠናው በሳቅ ስላለቀ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

3. በመግቢያው አዳራሽ፣ የኳስ ቡድናችን ዋንጫ ይቀመጥበት በነበረው የመስታወት መደርደሪያ ውስጥ የሁላችንም ቅርጽ ስማችን ተለጥፎበት እንዲደረደር፣ ረጅሙን ያመጣም እንዲሸለም ማዘዝዎን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ረጅም ቅርጽ የትጋት ምልክት ነው ተባለ። ደወልም ጠዋት ጠዋት ማስመሪያ ይዘው በር ላይ እየቆሙ ይለኩን ጀመር፤ አጭር ያመጣ ሰው «ይሄ ጆሮ ነው ወይስ የሸሚዝ ቁልፍ?» ተብሎ ሌላ እንዲያወጣ ይመለሳል። እኔም ባለቁልፍ ሆኜ ተመለስኩ።

ሁለተኛውን እንዲህ አወጣነው፤ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ በጎኔ ተጋደምኩ፤ አማቴ እንዳልንቀሳቀስ እግሬን ያዙ፤ ባለቤቴ ሲሪንጁን ገፋች። ይበቃሃል ወይ ስትለኝ ጨምሪ አልኳት። ደግማ ብትጠይቀኝ ግራው ጆሮዬ ትራስ ላይ ተጭኖ፣ ቀኙ በሊጥ ተሞልቶ ስለነበር አልሰማኋትም። ዝምታዬን እሺታ አድርጋ ወሰደችውና ጨመረች። ሊጡ ሲደርቅ ስጎትተው እምቢ አለ፤ ጠበቅ አድርጌ ስስበው እንደ ላስቲክ ተለጠጠና ውስጥ ጧ አለ። እጄ ላይ የቀረው ቅርጽ ጫፉ የተቀደደ ቢሆንም እንደዚያ ያለ ረጅም በቤቱ ታይቶ አያውቅም። አማቴ ከማስመሪያው ጋር አስተያይተው «እሰይ የኔ ልጅ! ዘንድሮስ ዋንጫው የኛ ነው» አሉ።

እንዳሉትም ሆነ። እርስዎ እጄን ጨብጠው ሲሸልሙኝ ጭብጨባውን የሰማሁት በግራ ጆሮዬ ብቻ ነው። በቀኙ ይጮህ የነበረው ሌላ ነገር ነበር።

4. ይህ ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። የጆሮ ሐኪሙ እንዳሉት የተቀደደው ጫፍ ታምቡሬ ላይ ተለጥፎ ደርቋል፤ ምናልባትም በስቶ አልፏል። የፊታችን ሐሙስ አደንዝዘው ሊያወጡት ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ከዚያ በፊት ግን በመደርደሪያው ያለውን ቅርጽ እንዳመጣላቸው አጥብቀው ለምነውኛል፤ የተቀደደበትን ቦታ ካዩ ውስጥ የቀረው ምን ያህል ውፍረት እንዳለው፣ ወዴት እንደዞረም ይገምታሉ። ሳያዩ ቢስቡት ታምቡሩን ይዞት ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ በዚህ ጆሮ ስልክ ማንሳት ይቅርና የራሴን ስም ስጠራ አልሰማም።

ይህን ይዤ ወደ ጥበቃው ሄድኩ፤ ቁልፉ ደወል ዘንድ ነው አሉኝ። ደወል ዘንድ ሄድኩ፤ የተሸለመ ዕቃ ያለ እርስዎ ፈቃድ ከሕንፃው አይወጣም፤ ደግሞም ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊመጡ ስለሆነ መደርደሪያው ያለ እኔ ጆሮ ጥርሰ ወላቃ ይመስላል አሉኝ። የሰው ኃይል ክፍል ሄድኩ፤ ጉዳቱ የደረሰው እቤቴ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ የሥራ ላይ አደጋ እንዳልሆነ፣ ቅርጹ ግን በመሥሪያ ቤቱ ሊጥ ስለተሠራ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት እንደሆነ በትሕትና አስረዱኝ። ስለዚህ ከጆሮዬ የወጣው የእርስዎ፣ በጆሮዬ የቀረው የእኔ ነው። ይህን ያህል የጠራ ክፍፍል ወንድማማቾች እንኳ በውርስ ጊዜ አያገኙም።

5. ቅሬታ ያለው ሠራተኛ እንደማንኛውም ደንበኛ በማዕከሉ ስልክ እንዲያመለክት ባወጡት መመሪያ መሠረት ደወልኩ። ያነሳችው ያቺው ስለ ክሩ የጠየቀችው ባልደረባዬ ናት። ድምፄን እንዳወቀች ድምፅዋ ወረደ፤ «ውይ ወንድሜ» አለች፤ ወዲያው ግን ጥሪው እንደሚቀዳ ትዝ ሲላት ጉሮሮዋን ጠርጋ «ቅሬታዎ ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል፤ ስለደወሉልን እናመሰግናለን» ስትል አነበበችልኝ። ለስንት ሰው ያነበብኩት ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲህ እንደሚሰማ አላውቅም ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ማዳመጫ አልጠይቅም። ካሣም አልጠይቅም። ሽልማቱን፣ ያንን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰዓት፣ እመልሳለሁ፤ ሲቆጥርም በደንብ አይሰማኝም። የምጠይቀው ቅርጹን ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ እንዲያዩት ብቻ ነው። አይቻልም ከተባለም ሐኪሙ ወደ አዳራሹ መጥተው በመስታወቱ ውስጥ እንዲመለከቱት ይፈቀድላቸው። ከእንግዶቹ ጋር አብረው ሊጎበኙ ይችላሉ።

ትእዛዝዎን ለመስማት በአንድ ጆሮው ዘወትር ዝግጁ የሆነው፣ በሌላው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ሊጥ በአደራ ጠብቆ የያዘው ታዛዥዎ፣

የረጅሙ ቅርጽ ባለቤት
በመስኮቱ በኩል

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ገና ሳልልከው፣ በስልክ ላመለከትኩት ፈቃድዎ ደረሰኝ። ቅርጹን ባልደረባዬ ረቡዕ ማታ በትንሽ ካርቶን፣ በጥጥ ላይ አስተኝታ እቤት ድረስ አመጣችልኝ፤ ጥጥ በመጨረሻ መገኘቱ ደስ አሰኝቶኛል። እንደነገረችኝ ከሆነ እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ደወል የተቀደደውን ጫፍ አይተው ያስነውራል በማለት በጥፍር መቁረጫ ዙሪያውን ከርክመው፣ በሞረድ አለስልሰው፣ የጥፍር ቀለም ቀብተውታል። በእርግጥም ያብረቀርቃል፤ የተቀደደ ነገር መሆኑን ማንም አያውቅም። ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ለሐኪሙ ሰጠኋቸው። ወደ መብራቱ አስጠግተው የተቀደደበትን ቦታ ፍለጋ አገላብጠው አዩት። የተናገሩኝን ያልሰማሁ መስሎኝ ግራ ጆሮዬን አዞርኩላቸው። ምንም አላሉም ነበር።