በየጠዋቱ የምትከፍትልኝ ስክሪን

ውድ ደምመላሽ፣

እንደምን አለህ? እናትህስ? ጉልበታቸውን ተሻላቸው?

የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የውርስ፣ የኪራይ፣ የፍቺ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ ምን ያልጻፍኩት አለ? ሰው ፊቴ ተቀምጦ ብሶቱን ሲያወራ ጣቶቼ ከአፉ ይቀድማሉ። ለራሴ ጉዳይ ግን ይኸው ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ገጽ አቅቶኝ ስጽፍ ስሰርዝ ውያለሁ። በኮምፒውተር አይደለም፣ በእጄ ነው የምጽፍልህ። ጽሕፈቴ ቢያስቅህ አትፍረድብኝ፤ ብዕር ከያዝኩ ቆይቻለሁ።

ወሬዬን ከሰኞ ልጀምር። ሰኞ ጠዋት ስክሪኑ ተበላሸ። አዎ፣ ያው የምታውቀው፣ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የወጣው፣ ሆዱ ወደ ኋላ የተንዘረጠጠው አሮጌ። ቅዳሜ ዕለት ኮምፒውተሩ አዲስ የሊኑክስ እትም መጥቷል፣ ልጫነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም እሺ አልኩት። ሰኞ ስከፍተው እያንዳንዱ ፊደል ጡብ አክሏል። ከገጹ የሚታየው ሩቡ ብቻ ነው። «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ ጠርዝ በታች ወርዶ የት እንደገባ እንጃ። የሱቅ ኪራይ ውል ሊያጽፉ የመጡ አከራይና ተከራይ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቁኛል፤ ሳይፈርሙ እንዳይጣሉብኝ እሰጋለሁ።

ሰአዳ ከሻሾቿ መሃል ብቅ አለች። አሁንም እዚያው ከሱቄ በር አጠገብ ነው የምትሸጠው፤ አሁንም የማይመለከታት ነገር የለም።

«ሸዋዬ፣ ኧረ ከዚህ ጉድ ተገላገይ! ዱባይ ተራ ወንድሜ ሱቅ ስስ ስስ የሆነው ስክሪን ሞልቷል። ዛሬውኑ አስመጣልሻለሁ።»

«ዓይኔ ይሄን ለምዷል» አልኳት።

«ዓይንሽ ነው የለመደው?» ብላኝ ወደ ሻሾቿ ተመለሰች።

አሁን የምነግርህን ለማንም አልተናገርኩም። ያን የተበላሸ ስክሪን ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ደስ አለኝ፣ ደምመላሽ! ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ ቁጥርህን ይዤ የምደውልበት ምክንያት አጥቼ ኖሬያለሁ። በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሰህ ልበለው እላለሁ፤ ከዚያ በኋላስ ምን እላለሁ እልና እተወዋለሁ። አሁን ግን ምክንያቱ በእግሩ መጣልኝ። «ደምመላሽ ጥገና» ብዬ የመዘገብኩትን ስምህን ፈልጌ ደወልኩ። ሳይጠራ ግን መልሼ ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት እንዲገባህ የቆየውን ላንሳ፤ አንተ የማታውቀው ነገር አለበት።

አጠገቤ ያለችውን ግማሽ ሱቅ ተከራይተህ ቴሌቪዥን መጠገን ስትጀምር ባለቤቴ አስናቀው ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ደንበኛ በፍላሽ እያመጣ የሚያራግፍብኝ ቫይረስ በየሳምንቱ ኮምፒውተሬን ይገድለዋል። «እትዬ ሸዋ፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ፕሮግራም ቀይሬ ሊኑክስ ልጫንልዎት፤ ነፃ ነው፣ ይሄ ሁሉ ቫይረስም አይደፍረውም» አልከኝ። ስክሪኑንም ያኔ ነው በትከሻህ ተሸክመህ ያስገባህልኝ። በዚያው ቀን ጉዱ ታወቀ። ከገመዱ ጫፍ ካሉት ቀጫጭን መርፌዎች አንዷ ተሰብራለች።

«ስክሪኑ ለኮምፒውተሩ ማንነቱን የሚነግረው በዚህች በኩል ነው» አልከኝ። «ይሄን ያህል ስፋት እችላለሁ የሚለው በሷ ነበር። አሁን መናገር አይችልም። ኮምፒውተሩ ደግሞ የማያውቀውን እንዳይጎዳ ፈርቶ ትንሹን መጠን ይሰጠዋል። ስለዚህ እኛ እንናገርለታለን።»

ሦስት መስመር ትእዛዝ ጻፍክ። በመጀመሪያው ልኩን አሰላህ፣ በሁለተኛው ለኮምፒውተሩ አስተዋወቅከው፣ በሦስተኛው ስክሪኑ ላይ ጫንከው። ጠቅ አለ፣ ጨለመ፣ ከዚያ ገጹ ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ከጠፋ ይህን ሁሉ ይረሳዋል። እኛ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ሳይጠፋ የሚያድር ነገር የለም፤ ዘበኛው ጋሽ ይገረም እሳት እንዳይነሳ ብለው ሱቅ ሲዘጋ የሕንፃውን መብራት ከቆጣሪው ያጠፉታል። ስለዚህ በየጠዋቱ መምጣት ነበረብህ። መጣህም። አራት ዓመት ሙሉ መጣህ።

ከወንበሬ ኋላ ቆመህ፣ በትከሻዬ በኩል አጎንብሰህ፣ እነዚያን ሦስት መስመሮች በሁለት ጣት ስትለቅም አሁንም ይታየኛል። እኔ በአሥር ጣቴ የምጽፍ ሴት አንድ ቀን እንኳን «ተው፣ እኔ ልጻፈው» ብዬህ አላውቅም። እጅጌህ የብየዳ ሽታ ነበረው። መጀመሪያ አካባቢ አምስት ደቂቃ ነበር የምትቆየው፤ በኋላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሆነ። አንተ ስለ እናትህ ትነግረኛለህ፤ እኔ ጎረቤቱን «አውራ ዶሮው ያለ ሰዓቱ ይጮህብኛል» ብሎ ሊከስ ስለመጣው ሰውዬ እነግርሃለሁ። ስትስቅ ዓይንህ ይጠፋል። አስናቀው ከሞተ ወዲህ ጠዋት መስታወት ፊት መቆም የጀመርኩት ባንተ ምክንያት ነው። እሑድ ሱቅ አይከፈትም። እሑድን እንዴት እንደጠላሁት!

እንግዲህ የማታውቀው ይኸውልህ። በሁለተኛው ዓመት ሉብና የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም መጥታ ነበር። አንተ ትእዛዝህን ስትጽፍ ቆማ አየችህ። ልክ ስትወጣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ አንዴ ፋይል ውስጥ ከተቀመጠ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ራሱ ያነበዋል። በየቀኑ ምን ያደክማችኋል?» አለችኝ። የት እንደሚቀመጥም አሳየችኝ። «ተይው ልጄ፣ እሱ የሚያውቀው ነገር አለ» ብዬ ሸኘኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። በማግስቱ መጥተህ «ዛሬም እንቢ አለ?» ስትለኝ «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» አልኩህ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ምንም ኀፍረት ዋሸሁህ።

አንተስ? የቴሌቪዥን ሆድ ከፍተህ የፀጉር ያህል ሽቦ የምትበይድ ሰው አንዲት መርፌ አቃተችህ? ሉብና በአንድ እይታ ያወቀችውን አንተ አራት ዓመት አጣኸው? ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ግን ባሏ የሞተባት ሴት በዘጠኝ ዓመት የሚያንሳትን ወንድ በየጠዋቱ ሱቋ ታስገባለች ቢባል፣ ለመሳለሚያ ሰፈር ሰው የሚሰጥ መልስ ያስፈልግ ነበር። የኛ መልስ ስክሪኑ ነው። «ምን ሊያደርግ ነው የሚገባው?» ካሉ «ሊጠግን» ነው፤ አለቀ።

ያን ሐሙስ አንተም አልረሳኸውም። ሦስተኛውን መስመር ጨርሰህ ስክሪኑ ተከፈተ፤ አንተ ግን አልሄድክም። ሁለት ደንበኞች አግዳሚው ላይ ነበሩ፣ ሰአዳ ደግሞ በሩ ላይ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «እትዬ ሸዋ፣ ይሄ ስክሪን ባይበላሽ ኖሮስ? ዝም ብዬ ብመጣስ?» አልከኝ።

ሰዎቹ ሲሰሙ አየኋቸው። ደነገጥኩ። ስደነግጥ እንደምስቅ ታውቃለህ፤ ሳቅሁና ጮክ ብዬ «ሥራ ፈትተህ ምን ልታደርግ ትመጣለህ?» አልኩህ። ደንበኞቹም ሳቁ። አንተም ሳቅህ። «እውነትዎን ነው» ብለህ ወጣህ። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ የመዶሻም የራዲዮም ድምፅ አልሰማሁም።

አሥራ ሁለት ቀን ቆይተህ፣ አንድ ጠዋት ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ጻፍክ። ስትጨርስ ቀና ብለህ «ከእንግዲህ አያስቸግርዎትም» አልከኝ። ጅማ እናትህ ጋ ልትገባ እንደሆነ፣ እዚያ የጥገና ትምህርት የምታስተምርበት ሥራ እንዳገኘህ ነገርከኝ። እኔም «እግዚአብሔር ያቅናልህ» አልኩህ። ለማንም መንገደኛ የሚባለውን!

በማግስቱ ጋሽ ይገረም መብራቱን ለቀቁት። ኮምፒውተሩን አበራሁት። ስክሪኑ ማንም ሳይነካው ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ። ዕቃ ሲበላሽበት የሚያለቅስ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እኔ ግን የተስተካከለ ስክሪን ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰአዳ ሮጣ መጥታ «ምነው፣ እንቢ አለሽ?» አለችኝ። «የለም፣ ሠራ» አልኳት።

ሰኞ ስልኩን የዘጋሁት ለዚህ ነው። ደውዬ ስለ ስክሪን ላወራህ ነው? አንተ በትሕትና ሦስቱን መስመሮች በስልክ ልታጽፈኝ፣ እኔ «እግዜር ይስጥልኝ» ልልህ፣ ከዚያ እንደገና ሁለት ዓመት? በስክሪን ስም መነጋገሩ ሰለቸኝ። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ራሴ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ያስቀመጥክልኝን ፋይል አዲሱ እትም አጥፍቶታል። ግን አራት ዓመት ሙሉ ሳይህ ኖሬያለሁ፤ ትእዛዙ በቃሌ አለ። ስፋቱን አንድ ሺህ ሃያ አራት በሰባት መቶ ስድሳ ስምንት ብዬ ሰጠሁት። ያላስታወስኩት ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚነግረውን ቁጥር ነው። ሰማንያ አምስት ብዬ ገመትኩ። ጠቅ አለና ድርግም! ጨለመ፣ ከሆዱም የሚያፏጭ ድምፅ አወጣ።

«ንቀዪው! ንቀዪው፣ እሳት ያስነሳብናል!» ብላ ሰአዳ ጮኸች። አከራዩ ተነሥቶ ቆመ።

አልነቀልኩትም። ስክሪኑ እንጂ ኮምፒውተሩ እንዳልሞተ አውቃለሁ፤ ጨለማው ውስጥ ሆኖ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አሳረፍኩ። ሃያ ሁለት ዓመት እጄን ሳላይ የጻፍኩ ሴት ስክሪን ባላይስ ምን እሆናለሁ? ወደ ትንሹ መጠን የሚመልሰውን መስመር አንዲት ፊደል ሳላይ ጻፍኩና አስገባሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። ጠቅ አለ፤ ጡብ የሚያህሉት ፊደሎች ተመልሰው መጡ። በሁለተኛው ሙከራ ሰባ አምስት አልኩት። ገጹ በሙሉ ተከፈተ። ሰአዳ እልል አለች፤ ውል የሚያጽፉት ሰዎች ምን ሠርግ እንደሆነ ግራ ገባቸው።

የከፋኝ ከዚያ በኋላ ነው። ውሉ ታተመ፣ ፈርመው ሄዱ፣ ትእዛዞቹን ኮምፒውተሩ እንዳይረሳቸው ሉብና ባሳየችኝ ቦታ አስቀመጥኩ፣ እኔ ያን የተስተካከለ ስክሪን እያየሁ ቀረሁ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩትን ሰበብ በገዛ እጄ ጠገንኩት! አሁን ምን ብዬ ልደውል? ሰኞም ማክሰኞም እንዲሁ ስብሰለሰል ዋልኩ። ሰበቡ ሲነሣ ከሥሩ ምን እንደቀረ ያየሁት ያኔ ነው። ናፍቀኸኛል። በቃ ይሄው ነው። ጠዋት ጠዋት ትከሻዬ በኩል የሚያጎነብስ ሰው የለም፤ እኔም ለመልመድ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ጠጋኝ አልፈልግም፣ ደምመላሽ። አንተን ነው የምፈልገው።

ትናንት ለሰአዳ ነገርኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሻሽ ማጠፏን እንኳን ሳታቆም «ስድስት ዓመት ቆይተሽ ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?» አለችኝ። «ጋሽ ይገረም እንኳን ያውቃሉ። መሳለሚያ የማያውቅ ቢኖር እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ። ወላሂ፣ ያኔ ሥራ ፈትተህ ያልሽው ቀን በዚህ ጨርቅ ልገርፍሽ ነበር።» ስንፈራው የኖርነው ሰው ሁሉ ለካ እኛን ነበር የሚጠብቀው።

ይህን ደብዳቤ ነገ ማለዳ ከአውቶቡስ ተራ ለሚነሳው የጅማ አውቶቡስ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ሐሙስ ማታ ይደርስሃል። አግብተህ ከሆነ አትደብቀኝ። ሚስትህን እመርቃለሁ፣ የእናትህን ጉልበት ስሜ በእሑዱ አውቶቡስ እመለሳለሁ፤ አልቀየምህም። ያረፈድኩት እኔ ነኝ። ካላገባህ ግን መናኸሪያው ደጅ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ፤ ከተማውን አላውቀውም።

ሱቁን ሰአዳ ትጠብቅልኛለች። ና ብዬ አልለምንህም። አራት ዓመት አንተ መጣህ። ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ፤ ምንም የሚጠገን ነገር ሳልይዝ፣ ዝም ብዬ።

ሸዋገነት