ድግግሞሽ ተብላ ስለተጣለች ልጄ

ለተከበሩ የነዋሪዎች ምዝገባ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፤

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን እመኛለሁ።

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ለእርስዎ ልንገርዎት። ባለቤቴ በሞተ ሰሞን፣ መንታ ሴት ልጆቼን ግራና ቀኝ አስተኝቼ፣ ምነው አንዷ ብቻ በነበረች ብዬ አስቤ ነበር። ለዚህ ሐሳብ ራሴን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። እርስዎ ግን ሳልጠይቅዎ ፈጸሙልኝ፤ በመዝገብዎ ላይ ያለችኝ አንድ ልጅ ብቻ ናት። ስለ ደግነትዎ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ ማንበብ የተማርኩት በራሴ ስለሆነ ነገር የሚገባኝ ቀስ ብሎ ነው፤ ባለመነጽሯ የፕሮግራም ባለሙያዎ ግን ታግሣ አስረድታኛለች። ኮዱን የሚጽፈው ሰው ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም ነው፤ እሱም የእያንዳንዱን ቤተሰብ ልጆች ድግግሞሽ በማይቀበል ስብስብ ውስጥ ያኖራል። የአባት ስምና የልደት ቀን ከገጠመ አንድ ሰው ነው ብሎ ሁለተኛዋን ይጥላል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ አንዷን ለሚቀጥለው ዓመት አቆይልዎ ነበር።

ሁለተኛ፦ ባለሙያዋ አዝናልኝ ያንን ስብስብ ሁሉንም ወደሚቀበል ዝርዝር በእጇ ቀየረችው፤ ታናሺቱም ብቅ አለች። ወዲያው በመዝገቡ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ ሲጨመር ፕሮግራሙ ኮዱን እንደ አዲስ ጻፈው፤ እርማቱ ጠፋ፣ ልጄም አብራ ጠፋች። እንደገና ታረመ፣ እንደገና ጠፋ። መላው የተጻፈውን ትቶ ጸሐፊውን ማረም ነው፤ ፕሮግራሙ በሚመራበት ቅንብር ውስጥ ልጆች በዝርዝር ይቀመጡ የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ለዚህ የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እርስዎም «የሚሠራ ነገር አይነካም» ብለዋል። እውነትዎን ነው፤ አንድ አንድ ለሚወልዱ ግሩም አድርጎ ይሠራል።

ሦስተኛውን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። የልጆቼ የብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። ታናሺቱ መታወቂያ ስለሌላት አትመዘገብም፤ ታላቂቱም «እሷ ካልተፈተነች እኔም አልፈተንም፣ እማዬ በከንቱ አትልፊ» ብላ ደብተሯን ዘግታለች። ሂጂ ብላት እህትሽን ተዪያት ማለቴ ነው፤ ዝም ብል ሁለቱንም አስቀራለሁ። የመስኮቱ ሠራተኛ ወደ ፎቅ ይልከኛል፣ ፎቁ ወደ መስኮቱ ይመልሰኛል። ቤት ስገባ ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተውኝ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ለአንድ መስመር እንኳ ፋታ ለማይሰጠው ከባድ ኃላፊነትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

በመዝገብዎ የአንድ፣ በቤቷ የሁለት ልጆች እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጽፌ በገዛ እጄ አደርሳለሁ። ቃል በቃል አንድ ስለሆኑ ድግግሞሽ ነው ብሎ አንዱን የሚጥል እንዳይኖር አደራ፤ አንዱ ለእርስዎ ነው፣ ሌላው እርስዎን ለሾሙት ሰው።