በፍልሰታ በግ የሸተተ ኩታ

እሑድ፣ ነሐሴ 9

ዘነበች ሳሙና ሠራች። ሳሙና! እኛ ከሱቅ የምናውቀውን ሳሙና፣ በገዛ ጓሮዋ፣ በገዛ ድስቷ። ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታ ለሴቱ ሁሉ አንዳንድ ቁራሽ አደለች። "እትዬ ወርቄ፣ ይኸ የአንቱ ነው" አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኩና ገና ከቅጥሩ ሳልወጣ ለአንዲት መበለት ሰጠኋት። አላየሁትም፣ አላሸተትኩትም። ምን ሲደረግ!

ዘነበች ማለት ያቺ ወደ አዲ አርቃይ ማኪና የሚነዳው ሰውዬ ሚስት ናት። ሰኔ ላይ ነው ከአጥራችን ማዶ ያለውን ቤት የተከራዩት። ልጅ ሳለች በጣሊያን ቤት አገልግላለች አሉ፤ እጇ እዚያ ነው የተፈታው። ከመጣች ወዲህ ያደረገችውን ልቁጠረው፦

ሹራብ በሁለት ዘንግ ሠርታ ለባሏ አለበሰች።
ኮክ በስኳር ቀቅላ ማርማላታ አለችው።
ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ሠርታ ዳቦ ጋገረችበት።
አሁን ሳሙና።

ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ቢሆን ነው። ድሮ በዚህ ሰፈር ቀጭን ፈትል ሲታይ፣ ሸጋ ሞሰብ ሲታይ፣ "የማን እጅ ነው?" ሲባል መልሱ "የወርቅነሽ" ነበር። አሁን ማን ይጠይቃል?

ከሁሉም የባሰው አያ ፈንታ ነው። የገዛ ባሌ! ምሳ ላይ "ያቺ የጎረቤታችን ልጅ እጇ ሸጋ ነው" ብሎኝ እርፍ። ነገር አላነሳሁም፤ እሱ በዚህ ሰሞን የሚያስበው ሌላ ነው። መሪጌታችን ካረፉ ወዲህ ቦታቸው ክፍት ነው። የደብሩ አለቃ ለነሐሴ 16 በዓል አንዱን እሰይማለሁ ብለዋል፤ የሚነሳው የአያ ፈንታና የደብተራ ተሰማ ስም ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ማኅሌት ቆሞ የጠበቀው ነው እንግዲህ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 10

እንዶዴ አለቀ። በበጋ ለቅሜ ያደረቅኩት ሁሉ አለቀ፤ በዚህ ዝናብ ከየት ይመጣል? የአያ ፈንታ ኩታና ጥምጥም ደግሞ ለቡሄ ማኅሌት መታጠብ አለበት። ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። ቆሽሾ ቢቆም የሚወቀሰው የኔ እጅ ነው።

ሄጄ ዘነበችን ሳሙና ብለምናት ትሰጠኛለች፤ አውቃለሁ። እየሳቀች ነው የምትሰጠኝ። ለዚህ ነው የማልሄደው።

ከሰዓት በኋላ ድስት ስትጥድ አየኋት። አበስኩ ገበርኩ፣ አጥር ላይ ተለጥፌ ዋልኩ። አመድ በተበሳ እንስራ ሞልታ ውኃ አንቆረቆረችበት፤ ከታች የሚንጠባጠበውን ድስቱ ውስጥ ጨመረች። ከዚያ ከቅል ቅባት አፈሰሰች። ምን ቅባት እንደሆነ ከሩቅ አይታይም፤ ሞራ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! መጨረሻ ላይ ነጭ ነገር በእፍኟ በተነችበት። ዱቄት ነው።

ይኸው ነው ጥበቡ? ይኸው ነው አገር ያደነቀው? ነገ አሳያታለሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 11

ሞራ አለኝ። ሐምሌ አምስት ከታረደው በግ ጠፍር ማለስለሻ ይሆናል ብዬ አንጥሬ በሸክላ ያኖርኩት። ጥቂት ቅር አለኝ፤ ጾም ነው። ግን አልበላው፣ አልልሰው፤ ለልብስ ነው።

የአመዱ ውኃ ጣቴን ላጠው። የደረሰብኝን ይኸው ልጻፈው፦ ሁለት ጣት ተላጠ፣ አንድ ማማሰያ ተቃጠለ፣ ዓይኔ እስከ ማታ አለቀሰ። ዱቄቱን ስበትንበት ጓጎለ። ብቆርጠው አይቆረጥ፣ ባፈሰው አይፈስ፤ ሲበርድ ገንፎ ሆኖ ቁጭ አለ። የሷ ግን እንደ ጡብ የተቆረጠ ነበር። ወይ ነዶ!

ቢሆንም እፍኝ ወስጄ እጄን ታጠብኩበት። አረፋ አወጣ! ብቻዬን ጓዳ ውስጥ እልል ልል ነበር። ከአርባ ዓመት በታች ነኝ፤ አዲስ ነገር መሞከር የሷ ብቻ ነው እንዴ?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 12

አጠብኩ። ኩታውም ጥምጥሙም ጸዳ። ዱቄቱ ነው መሰለኝ ቀጥ አድርጎ አቆመው፤ ከሱቅ እንደወጣ አዲስ አቡጀዲ ሆነ። ዝናቡ አላባራ ስላለ ከምድጃው በላይ ገመድ ወጥሬ አደረቅኩት። ጢስ ጢስ ቢል ነው እንጂ ሌላ ሽታ የለውም። እርግጥ ጉንፋን ይዞኛል፤ አፍንጫዬ ከሰኞ ጀምሮ ተዘግቷል።

አያ ፈንታ ኩታውን ዘርግቶ አየና "እሰይ ወርቄ" አለኝ። እሰይ ወርቄ! አጥር ዘልዬ ለዘነበች ላስነግር ምንም አልቀረኝ። በምን እንዳጠብኩት ግን አልነገርኩትም። ለበዓሉ ሲሾም፣ ሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት እናገረዋለሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 13፣ ቡሄ

አፈር በበላሁ።

አያ ፈንታ ጠዋት ከማኅሌት ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። መቋሚያውን በሩ ላይ ጥሎ ተቀመጠ። ውሻ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ደጃችን ተከትሎታል። እኔ ራሴ አየሁት፣ ኩታውን እያሸተተ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሲሄድ ዝናብ መታው። ጥምጥሙም ኩታውም ረጠበ። ውስጥ ሰው ተጨናንቆ፣ ከበሮው ሲመታ፣ ሲያሸበሽቡ፣ ሙቀቱ ሲነሳ ልብሱ ሽታውን ለቀቀው። በግ። ጥርት ያለ የበግ ሞራ! አጠገቡ የቆመው ደብተራ ተሰማ ዜማውን አቋርጦ "አያ ፈንታ፣ ቤታችሁ በግ ታርዷል እንዴ?" አለ፤ ቀስ ብሎ አይደለም፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። በፍልሰታ! ሕፃን እንኳ በሚጾምበት በፍልሰታ! አለቃው ወደ ውጭ ጠርተው "ነገሩ እስኪጣራ ከማኅሌት ቆይ" አሉት።

"ወርቄ" አለኝ፣ "ልብሴን ምን ነካው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩ። "ተሰማ ራሱ በልቶ ይሆናል።"

አልኩት። ይኸ አፌ አለው። ሸክላውን ከነገንፎው ከገብስ ጎታ ጀርባ ደበቅኩት።

ዘነበች ሙልሙል ላከችልኝ፤ በዚያ በበርሜሏ የጋገረችውን። የሰፈሩ ልጆች የኔን ትተው የሷን ደጅ ነው ያጣበቡት። ጥዬው ነበር፣ መልሼ አነሳሁት። ጣፋጭ ነው። ይህን የማምነው እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 14

ሰፈሩ ሰምቷል። ውኃ ልቀዳ ስወጣ ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን ቆረጡ። አንደኛዋ "ምነው እትዬ ወርቄ፣ ደህና ናችሁ?" ስትል አፍንጫዋን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

አያ ፈንታ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያቀረብኩለትን አልነካም። "ሃያ ዓመት ቆሜ በሥጋ ልጠርጠር?" አለ አንድ ጊዜ፤ ለኔም አይደለም፣ ለግድግዳው ነው።

እኔ አንድ ቃል ብናገር ይድናል። አንድ ቃል! ያቺን ቃል ግን እንዴት ብዬ ነው የማወጣት? የሹፌሩን ሚስት ልቅዳ ብላ ገንፎ ቀቀለች ሊሉኝ ነው። የወርቅነሽ እጅ እንዲህ ሆነ ሊሉ ነው። ዘነበችም ትሰማለች። ጥርሷ ታየኝ፤ ነጭ ጥርስ ነው ያላት።

ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። አባቴ ከወንድሞቼ እኩል ፊደል ያስቆጠረኝ እንዲህ ያለ ነገር እንድጽፍ ነው? ባሌ ከቦታው እየወረደ እኔ የሰው ጥርስ እቆጥራለሁ!

ሸክላውን ከጎታው ጀርባ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ አጥሩን፣ ሞራውን፣ ዱቄቱን፣ ትናንት የዋሸሁትን። ከዚያ "እኔ ሄጄ በሚስቴ አላመካኝም" አለና ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 15

እሱ ካልሄደ እኔ ነኝ የምሄደው። ግን መጀመሪያ ኩታው መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ ኩታውን፣ ጥምጥሙንና ሸክላውን ይዤ በጠዋት ወደ ዘነበች ሄድኩ። ከደጃችን ደጇ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

ሸክላውን አሳየኋት። ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሞራ ነው?"

"ሞራ ነው። ያንቺስ?"

"የኔማ የኑግ ዘይት ነው። ጾም አይደለም እንዴ እትዬ?"

የኑግ ዘይት! ያን ቁራሽ አንዴ ባሸተው ኖሮ።

"ዱቄቱስ?" አልኳት።

"የምን ዱቄት?"

"ያ በእፍኝሽ የበተንሽው።"

ጨው ነው። አሞሌ ጨው ወቅጣ ነው የምትበትነው፣ ሳሙናው እንዲጠጥር። እኔ የገብስ ዱቄት እንደጨመርኩ ስነግራት ሳቀች። ልክ እንደፈራሁት ነው የሳቀችው፤ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ተንገበገብኩ። ተነስቼ ልወጣ ስል ቀሚሴን ያዘችኝ። "ምነው ብትጠይቂኝ? ጎረቤት አይደለሁም?" አንቱታዋን እንኳ ረስታዋለች። ምን ልበላት? "ቀንቼብሽ ነው" አልኳት። ሳቋ ቆመ። እጅጌዋን ሰበሰበችና ኩታውን ከእጄ ወሰደች። ከጥምጥሙ ጋር አብረን አጠብነው፤ ሦስት ጊዜ። እሷ ከሰል አግላ በካውያ አደረቀችው። እኔ ካውያ ይዤ አላውቅም፤ አንዱን ጥግ ሰጠችኝና ሞከርኩ። ደስ ይላል።

አብሬሽ ልሂድ ብትለኝ እምቢ አልኩ። ሸክላዬን ይዤ ብቻዬን አለቃው ዘንድ ገባሁ። ተሳለምኩ፣ ክዳኑን አነሳሁላቸው። አለቃው ራሳቸውን ወደ ኋላ ሸሸት አደረጉ።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ሳሙና ነው አባቴ። እኔ ነኝ የሠራሁት። ባሌ በግ አልበላም፤ ለብሶት ነው።"

"ማን አስተማረሽ?"

"ማንም። ቅናት ነው ያሠራኝ።"

ሸክላውን እንደገና አሸተቱት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። "ከዚህ ቀምሰሻል?" አሉኝ።

"ኧረ ማርያምን! አልቀመስኩም።"

"ታዲያ ልብስ ይጾማል እንዴ?"

የሳቁ መሰለኝ፤ ጢማቸው ነው የተንቀሳቀሰው። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠና። ስለ ሞራው ሳይሆን ስለ ቅናቱና ባሌን ስለዋሸሁት አርባ ስግደት ሰጡኝ። "ፈንታ ነገ ይቁም" አሉ። ስለ ሹመቱ አልጠየቅኩም። ምን ፊት አለኝና!

ለአያ ፈንታ "ነገ ትቆማለህ" ስለው ራሱን ነቀነቀ። ኩታውን ግራና ቀኝ አየው፣ አሸተተው፣ አጥፎ አኖረው። አሁንም አላናገረኝም።

እሑድ፣ ነሐሴ 16

ቆመ። ነጭ ነበር! ከደብተራው ሁሉ ነጭ እሱ ነበር፤ ይህን የምለው ሚስቱ ስለሆንኩ አይደለም። ደብተራ ተሰማ አጠገቡ ቆሞ አፍንጫው ሁለት ጊዜ ሲሰራ አየሁት፤ ምንም አላገኘም። አለቃው ዜማውን እንዲመራ ለአያ ፈንታ ሰጡት። ሹመቱ ግን ዛሬ አልተነገረም። "ለመስቀል እናየዋለን" ብለዋል አሉ። በኔ ምክንያት ይሁን በሌላ ማን ያውቃል? እሱም እንደማያውቅ ፊቱ ይናገራል። ይኸ ነገር ሌሊት ሌሊት ይበላኛል።

ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ከበቡኝ። "ይኸን ኩታ ማን አጠበው? የማን እጅ ነው?" ስንት ዘመን የናፈቀኝ ጥያቄ! አፌ "የኔ" ሊል ተከፍቶ ነበር። ዘነበች ከጀርባቸው ቆማ ታየኛለች። አለቃው ፊት ሸክላ መክፈት ከዚህ ይቀላል።

"ሳሙናው የዘነቡ ነው" አልኩ። "ያስተማረችኝም እሷ ናት።"

ሁሉም ወደሷ ዞሩ። እኔን ትተው፣ እርግፍ አድርገው! ብቻዬን ቀረሁ። ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ብትሉኝ አለቀቀኝም፤ እዚያው ነው ያለው፣ ደረቴ ላይ። ግን ማክሰኞ ኑግ ይዤ እሄዳለሁ ብያታለሁ። የራሴን እሠራለሁ፤ ጨውም አልረሳ።

በግ አረድን። አያ ፈንታ ጎድኑን ይዞ ቀርጥፎ በላ፤ ስቡ እስከ ክርኑ ወረደ። ውኃ ላስታጥበው ማንቆርቆሪያ ይዤ ስቀርብ እጁን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ። ቀና ብሎ አየኝ።

"ወርቄ" አለ፣ "ተይው፣ አታስታጥቢኝ። ዛሬስ በግ በግ ብሸት የሚከሰኝ የለም።"

ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አለቀስኩ፤ እሱ ደግሞ በዚያ በቅባት እጁ እንባዬን ሊጠርግ ሲል ነጠላዬን አበላሸው። ነገ አጥበዋለሁ።