አፈሩ የአባቶች ነው

ኦቾሎ፣ ኅዳር 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለአጵሎስ፣

ሰላምህ ይብዛ። ሚስትህና ልጆችህ ደኅና ናቸው ወይ? እዚህ ገብሱ ደርሷል፣ ላሟም ወልዳለች። እኔን ሳል ይዞኛል፤ ስለሱ አታስብ።

በስልክ ስንለያይ «ከቀብሩ በኋላ ጻፊልኝ» ብለኸኝ ነበር። ይኸው ጻፍኩ።

ትሁትን ቀበርናት። የዳልጮን ሚስት፣ ሸክላ ሠሪዋን። ስሟን ያወጣህላት አንተ ነህ፤ ኩልፎ ወንዝ ውስጥ እኔንና እሷን ያጠመቅህ ዕለት። እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር የገባነው። «ከእንግዲህ ባለመሬት የለም፣ ማና የለም፣ ሸክላ ሠሪን ማና ብሎ መናቅ የለም፤ ሁላችሁም ክርስቲያን ናችሁ» ስትል ውሃው ወገባችን ላይ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ስታስል ሰንብታ ማክሰኞ ማለዳ አረፈች። ዳልጮ መቆፈሪያውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ጠበቁት።

«ማና እዚህ ከተቀበረች ዝናብ ይቀራል» አሉ ጋሽ ይፍሩ።

«ጋሼ፣ ዝናብ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው ብላችሁ አይደል ያስተማራችሁን?» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ መቼ ሰባኪ ሆንሽ? በመንፈስ አንድ ነን። አፈሩ ግን የአባቶች ነው።»

ዳልጮ ወደ እኔ ዞረ። «እህት በለጥሽ፣ አጵሎስ ይናገርልን፤ እሱን ይሰሙታል» አለኝ። የሙዝ መኪና ለምኜ ሴቻ ከተማ ስልክ ቤት የወረድኩት ለዚህ ነበር። አንተም፣ «እታለም፣ ነገሩ ያሳዝናል። ግን ለአንድ ሬሳ ብለን ምእመናኑን አንከፋፍል። እንጸልይበት» አልከኝ።

ጸልየህ ከሆነ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሬሳ ግን እስክትጨርስ አይጠብቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከገደሉ ሥር፣ ማናዎች በሚቀበሩበት ድንጋያማ ቦታ አስገባናት። ከምእመናኑ መካከል የወረድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። መዝሙር ጀመርኩ፤ ዳልጮ «ተይው» አለኝ። ተውኩት።

በማግስቱ ለጸሎት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ያለውን የውሃ ጋን የሠራችው ትሁት ናት። ጋሽ ይፍሩ ከሱ ቀድተው ጠጡ፣ አፋቸውን ጠርገው ገቡና «በክርስቶስ አንድ አካል ነን» ብለው ሰበኩ። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። እኔ ወጣሁ።

ለዳልጮ ነግሬዋለሁ፤ ስሞት ከትሁት ጎን ይቆፍርልኛል። «ሰዎችሽ ይፈቅዳሉ?» ብሎ ሳቀብኝ። የማይፈቅዱት ወደ መቃብራቸው መግባትን እንጂ መውጣትን አይደለም አልኩት።

ለቀብሬ ያን ቀን መምጣትህ አይቀርም። መንገዱ ቁልቁል ነው፤ የከተማ ጫማ ያንሸራትታል። ጋሽ ይፍሩ አብረውህ አይወርዱም፤ ከላይ ሆነን እንጸልይ ይሉሃል። አትስማቸው። እኔ ካለሁበት ድረስ ውረድ።

እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ከሳልም ይጠብቅልህ። ድሮ ስጽፍልህ «በክርስቶስ እህትህ» ብዬ ነበር የምፈርመው። ዛሬ ግን፣

የእናትህ ልጅ
በለጥሽ