የተገለበጠው ቀስት

ሰኞ፣ መጋቢት 7

ለብርቱካን መስታወት ሰጠኋት። ምን ነክቶኝ ነው?

ዛሬ አምስተኛ ክፍል ሲሜትሪ ጀመርን። ትንንሽ መስታወቶች ይዤ ገብቼ በየወንበሩ አደልኩ። ግማሽ ቢራቢሮ ከተሳለበት ወረቀት ጎን መስታወቱን ሲያቆሙት ቢራቢሮዋ ሙሉ ትሆናለች። ልጆቹ ጮኹ። ቀጥለው መስታወቱን ፊታቸው ላይ እያቆሙ ሁለት አፍንጫ ማብቀል ጀመሩ፤ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሳድል ሳድል ሦስተኛው ወንበር ደረስኩና አንዱን ብርቱካን እጅ ላይ አስቀመጥኩት። ብርቱካን ከተወለደች ጀምሮ አታይም። ይህን ከመስከረም ጀምሮ አውቃለሁ!

አገላበጠችው። ጠርዙን በጣቷ ዞረችው። "ቲቸር፣ ይቀዘቅዛል" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ሌላስ ምን አለው?"

ወደሚቀጥለው ወንበር አለፍኩ። አጠገቧ የምትቀመጠው ሊዲያ በሹክሹክታ ልታስረዳት ስትጥር ሰማሁ፤ እሷም አልሆነላትም።

ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠሩኝ። የሚመጣው ሰኞ የምዕራፉ ፈተና ነው፣ ጥያቄው ሁሉ ሥዕል ነው፣ ስለዚህ ብርቱካን አትፈተን፣ በሌሎቹ ምዕራፎች ያመጣችውን አማካይ እንሰጣታለን አሉ። እሺ አልኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ ቀለለኝ። ብሬል ያስተማራት መምህር ዘንድሮ ተዛውሯል፤ እኔ አንዲት ነጥብ አላነብም።

በባጃጅ ወደ ፀዳ፣ ወደ ቤቴ፣ ስመለስ ግን ያ "ሌላስ ምን አለው?" አልለቀቀኝም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ለብርቱካን እንደማትፈተን ነገርኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

"ምነው? ምን አጠፋሁ?" አለች።

ምንም አላጠፋሽም፣ ፈተናው በሥዕል ስለሆነ ነው አልኳት። "ሊዲያ ሰባት ብታመጣ የራሷ ሰባት ነው። የኔ የማን ነው?" አለችኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን፣ አጎቷ ለትምህርት ብለው ነው ጎንደር ያመጧት።

በእረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ ይዣት ዞርኩ። የነካቻቸው፦

የሾላ ቅጠል። በመሃል ጅማቱ አጠፈችው፤ ጠርዝና ጠርዙ ገጠመ። "መንታ ነው" አለች።

የባሕር ዛፍ ቅጠል። አጠፈችው፤ አልገጠመም። "ይኼ እንደ ማጭድ ጎብጧል።"

የቢሮ ቁልፍ። መንታ አይደለም።

ጫማዬ። አንዱን ብቻውን መንታ አይደለም አለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታደርጋቸው ግን ሳቀች። "እርስ በርሳቸው ናቸው መንታ!"

ይህን የመጨረሻውን እኔ አላስተማርኳትም። መጽሐፉም ውስጥ የለም።

ደወል ተደውሎ ሁሉም ወደ ክፍል ሲሮጥ እኔ በአንድ እግሬ ጫማ ግቢው መሃል ቆሜ ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ማለዳ ቀለም በጨረሰ እስክሪብቶ ወፍራም ወረቀት ላይ ቅርጾች ተጭኜ ሳልኩ፤ ከጀርባ ተጭኖ የተሳለ ከፊት አብጦ ይወጣልና በጣት ይነበባል ብዬ። ለመሞከሪያ ቀላሉን ሰጠኋት፣ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት።

"ወዴት ያመለክታል?"

"ወደ ግራ።"

አይደለም፣ ደግመሽ ዳስሺው አልኳት። ዳሰሰች። "ወደ ግራ።" እኔም ትንሽ ተቆጣሁ መሰለኝ፤ ራሴ ሳልኩት እኮ አልኳት። ያኔ ሳቀች፤ በእጇ አፏን ይዛ።

"ቲቸር፣ እርስዎ የወጉት ከጀርባ ነው። ከጀርባ የተወጋ ሲገለበጥ ይዞራል።"

ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። ወደ ግራ!

ከዚያ የብሬል መጻፊያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ወረቀቱን በብረቱ ሰሌዳ መሃል አስገባችና በመውጊያው ጠቅ ጠቅ እያደረገች ስሟን ጻፈች። ከቀኝ ወደ ግራ! አንድ በአንድ ፊደሉን ሁሉ ገልብጣ። ወረቀቱን አውጥታ ገለበጠችውና ጣቴን ይዛ ከግራ ወደ ቀኝ አስኬደችው። "አንዳንዷ ፊደል ስትገለበጥ ሌላ ትሆናለች፤ አንዳንዷ ብትገለበጥም ያችው ናት" አለች።

አንገቴን ደፋሁ። ሰኞ ዕለት መስታወት ይዘው እንኳ ምስሉ ወዴት እንደሚዞር መናገር ያቃታቸው ስንት ልጆች ነበሩ። ይህች ልጅ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በየቀኑ፣ በየፊደሉ ስትሠራው ኖራለች። ከፈተናው ነፃ ያደረግነው እሷን ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ከትምህርት በኋላ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ወዳለው የአጎቷ ቤት አብሬያት ሄድኩ። አጎቷ መሪጌታ ናቸው፤ እሷ አያ ትላቸዋለች። ላማክራቸው ነበር የሄድኩት፤ ተግሣጽ ጠበቀኝ።

"ምነው መምህርት? ይህችን ልጅ ከፈተና አስወጣችኋት አሉ" አሉኝ ገና ከመቀመጤ።

ለእሷ አዝነን ነው አልኩ።

"እኔን ዜማ ያስተማሩኝ የኔታ ዓይናቸው አያይም ነበር። አርባ ተማሪ ከብበን ስንጮኽ ከመሃል አንዱ አንዲት ምልክት ቢስት፣ ስሙን ጠርተው ይመልሱት ነበር። ለእሳቸው ያዘነላቸው የለም። አዝነንላቸው ቢሆን ኖሮ ማን ያስተምረን ነበር?"

ሻዬን ጠጣሁ።

ጾም ስለሆነ የማስተማሪያ ከበሯቸው ጥግ ላይ አርፏል። ብርቱካን መንታ ስለሚባለው ነገር ስታስረዳቸው ቆይታ ተነሥታ ሄዳ አቀፈችው። መሪጌታ ጠየቋት፣ "ይኼስ መንታ ነው?" በሁለት እጇ ዙሪያውን ዳሰሰችው፤ ከዚያ ሁለቱን አፎች በጣቷ ቀስ ብላ ነካ ነካ አደረገቻቸው። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ድምፅ።

"ከጎን ወደ ጎን መንታ ነው። ከአፍ ወደ አፍ አይደለም፤ አንዱ ሰፊ ነው።"

"ሸጋ!" አሉ መሪጌታ። "ሠላሳ ዓመት ሳነግተው ይህን አላሰብኩትም።"

ነገ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ እገባለሁ። እፈራለሁ፤ ግን እገባለሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ገባሁ!

ማን ያዘጋጅላታል አሉ። እኔ። ማን ያርማል? እሷ በብሬል ትጻፍ፣ እርስዎ ባሉበት ታንብብልን፣ እኔ አርማለሁ። ብትወድቅስ፣ ሞራሏ አይነካም? "ትውደቃ" አልኩ፤ ከአፌ አምልጦኝ። "ሌሎቹም ይወድቃሉ፣ ተነሥተው ያጠናሉ።"

ረጅም ጊዜ እስክሪብቷቸውን አገላበጡ። መጥፎ ሰው አይደሉም፤ ልጅቷ መሳቂያ እንዳትሆን ነው የፈሩት። በመጨረሻ፣ "እስቲ ክፍል ገብቼ ልያት" አሉ።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መጥተው ከኋላ ቆሙ። እኔ ጠመኔውን አስቀምጬ ብርቱካንን ወደ ፊት ጠራኋት። መጀመሪያ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ከዚያ ሊዲያ ከወንበሯ፣ "ጎላ አድርገሽ!" አለቻት፤ ብርቱካንም ጎላ አደረገችው።

ሁሉም በኮምፓሱ ጫፍ ወረቀት እየወጋ አንድ አንድ የፊደል ገበታ ፊደል እንዲጽፍ አዘዘች። "አሁን ገልብጡት። በጣታችሁ ዳስሱት። ያው የሆነለት እጁን ያውጣ።" ክፍሉ ተናወጠ! "ሀ ያው ነው!" "በ ያው ነው!" "ረ ዞረብኝ!" አንዱ ሠን፣ አንዷ ለን አገኘች። ሰኞ በመስታወት ያልገባቸው ልጆች ዛሬ ቀድመው እጅ አወጡ።

ከዚያ ብርቱካን የራሷን ሰሌዳ ከፍ አድርጋ ይዛ ጠየቀች፣ "ስሜን ለመጻፍ ከየት ነው የምጀምረው?"

"ከግራ ነዋ" የሚል ወፍራም ድምፅ ከኋላ መጣ። ርዕሰ መምህሩ!

"አይደለም ጋሼ፤ ከቀኝ ነው" አለቻቸው። ርዕሰ መምህሩ መሆናቸውን አላወቀችም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። ወደ ፊት መጥተው መውጊያውን ተቀብለው ራሳቸው ወጉ፣ ገለበጡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱ።

ሲወጡ በር ላይ፣ "ሰኞ ትፈተን። ግን የሐዘኔታ ማርክ የለም" አሉኝ።

እሱን ነው የጠየቀችው አልኳቸው።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ሁለት ቀን ሙሉ ክርና ማስቲሽ። አሥር ጥያቄ፣ አሥር ካርቶን፤ በየካርቶኑ ላይ በክር የተለጠፈ ቅርጽ። ጣቶቼ ተጣብቀዋል፤ ገበታ ላይ እንጀራው ራሱ ማስቲሽ ማስቲሽ አለኝ። እያንዳንዱን ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩት። ሦስት ማዕዘኑን ከክቡ ከመለየት በቀር ሌላው ሁሉ አቃተኝ። ጣቴ ደንቆሮ ነው። ለእሷ ቀላል ይሁን ከባድ በምን አውቃለሁ?

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ስምንት ከአሥር!

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ሌሎቹ ጨርሰው ሲወጡ እሷ ስድስተኛው ላይ ነበረች። አላቻኮልናትም። ስትጨርስ መልሷን ለርዕሰ መምህሩና ለእኔ አነበበች።

ሰባተኛው ላይ ደነገጥኩ። ካርቶኑ ላይ መስቀል ነው የለጠፍኩት፤ መልሱ ከጎን ወደ ጎን መንታ ነው የሚል ነው። እሷ "መንታ አይደለም፤ የግራ ክንዱ ይረዝማል" አለች። ርዕሰ መምህሩ አዩኝ። ማስመሪያ አመጣሁ። ማስቲሹ ሳይደርቅ ክሩ ተንሸራቶ ኖሮ የግራው ክንድ በአንዲት ቀጭን መስመር ይበልጣል። በዓይኑ የሚያይ ሰው ሁሉ መንታ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው እስክሪብቶ አንሥተው ትክክል አደረጉበት።

የሳተቻቸው ሁለት ናቸው። አንዱን ቸኩላ ነው። ሁለተኛው ረዥሙ አራት ማዕዘን ነው፤ አራት ማጠፊያ መስመር አለው አለች። ሁለት ነው ስላት አልተቀበለችኝም። ወረቀት አምጡ አለች። በቁመቱ አጠፈች፣ ገጠመ። በወርዱ አጠፈች፣ ገጠመ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አጠፈች፤ ጆሮዎቹ ወጥተው ቀሩ። ጣቷን ደጋግማ አስኬደችበት።

"ወይኔ! ሁለት ነው" አለች። ከዚያ ፊቷ በራ። "ስምንቱ የኔ ነው አይደል?"

"ያንቺ ነው" አሏት ርዕሰ መምህሩ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ሊዲያ በር ላይ ስትጠብቃት ነበር። ሰባት ነው ያመጣችው። ተቃቅፈው እየተጯጯሁ ወረዱ፤ ደረጃው እስኪያስተጋባ።

የሚቀጥለው ምዕራፍ ግራፍ ነው። ነጥብ፣ መስመር፣ ሠንጠረዥ። እንዴት እንደማስተምራት አላውቅም። ነገ ራሷን እጠይቃታለሁ።