ሦስቴ ሳይጠራ አይመታም

ሰብሃት፣
ወደ ዋጫ ከተማ ሄጃለሁ። ኢንተርኔቱ ሲቆም ራውተሩን በቡጢ እንዳትነርተው። የተሰካበት አዲሱ ሶኬት፣ መሥራቱን ለማወቅ በየደቂቃው ይጠራዋል፤ ሦስቴ ካልመለሰለት መብራት ቆርጦበት ይገድለውና ራሱ መልሶ ያስነሳዋል።

አንተ ግን ትናንት ስስቅ አይተህ፣ አንዴም ሳትጠራኝ፣ በዘነዘና ጥርሴን አረገፍከው።

ኢንተርኔቱ የተቋረጠው ጉሬዛ የኔትወርክ ታወር ላይ ወጥቶ ገመዱን ስለበላው ነው ያልኩህ ውሸት ነው። በቪዲዮ የምታደርገው የሥራ ቃለ መጠይቅ መሐል ሶኬቱን በስልኬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ፊት አፍህን ከፍተህ ስትደርቅ ለማየት ብዬ።

ሐሙስ ድጋሚ እንጠይቅሃለን ብለውህ የለ?
የሶኬቱን መቆጣጠሪያ ከስልኬ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ከእንግዲህ ማንም አያጠፋብህም።

የግድግዳውን ደም አልጠረግኩትም።

ጥርሴን ራውተሩ አጠገብ ትቼልሃለሁ። ጥርሱን ሦስቴ ጥራው፤ እሱ ከተነሳ እኔም እመለሳለሁ።

ማዕረግ